መስቀልን በመንጠቆ

ጋሽ ሸዋንግዛው መንጠቆውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ እንደገና አየው። በሀቢቡ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ፣ በምስማር ካርቶንና በቀለም ባልዲ መሃል ቆሞ እንዲህ ሲያገላብጥ ላየው ሰው የጋብቻ ቀለበት የሚመርጥ ይመስል ነበር።

«ስንት ነው ያልከኝ?»

ሀቢቡ ዋጋውን ደገመለት።

«መንጠቆው ብቻ ነው ወይስ ከነዓሣው?»

«ቲቸር፣ ዶላር ጨምሯል።»

«ሽንኩርት ስጠይቅ ዶላር፣ ባጃጅ ስሳፈር ዶላር። ባለፈው ፀጉሬን ስቆረጥ እንኳ ልጁ ዶላር አለኝ። ፀጉሬ ራሱ ቀንሷል እኮ፣ ዋጋው ለምን ይጨምራል? ትሉን ከጓሮዬ ቆፍሬ ባላወጣ ኖሮ እሱንም በዶላር ትሸጥልኝ ነበር።»

«ትል ከውጭ ብናስመጣ ቀረጡ አይቻልም» አለ ሀቢቡ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

ሀቢቡ የመስቃን ሰው ነው። ወላጆቹ ከቡታጅራ መጥተው ወልቂጤ ላይ ሱቅ ሲከፍቱ ገና ተማሪ ነበር፤ ሒሳብ ያስተማረው ሸዋንግዛው ነው፤ አሁን በዚያው ሒሳብ አስተማሪውን ይገፍፈዋል። የሁለቱ ቤትም የሚለየው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይለዋል። ሸዋንግዛው ከመንዝ ወደዚህ የመጣው ለሁለት ዓመት ብቻ አስተምሮ ሊቀየር ነበር። ከዚያ የዋቤን ወንዝ አየ፣ ቀጥሎ አሰገደችን አየ፣ የዝውውር ማመልከቻውንም ለትል ማስቀመጫ አደረገው።

ለአጥማጅ የሚያስፈልገው ክር፣ መንጠቆና ውሸት ነው ይል ነበር ሁልጊዜ። ሁለቱ ተወደዋል፤ ውሸት ብቻ እስካሁን በነፃ ይገኛል። ድሮ ክሩን ከጆንያ ስፌት ይፈታ ነበር፤ ዘንጉ የጓሮ ሸምበቆ፣ ተንሳፋፊው የጠርሙስ ቡሽ ነበር። ያኔ ዓሣ ያዘም አልያዘም የከሰረው ጊዜውን ብቻ ነበር። አሁን ባዶ እጁን በተመለሰ ቁጥር ኪሱም አብሮ ባዶ ይሆናል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ተከራክሮ፣ ነጋዴን ሁሉ ረግሞ፣ ሳይገዛ ይወጣ ነበር። ዘንድሮ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና ከፈለ። መስቀል ደርሷል። ሸዋንግዛው ለመስቀል ሥጋ የለውም። ሚስቱ ደግሞ ይህን አታውቅም።

ነገሩ የተበላሸው በቅርጫው ስብሰባ ላይ ነው። የሰፈሩ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ ለመስቀል በሬ ይገዛሉ፤ በእርዱ ቀን በዕጣ ይከፋፈሉታል። ሴቶቹ ደግሞ የራሳቸው ውጆ አላቸው፤ በየተራ ቅቤ እየሰጣጡ ለበዓሉ ያጠራቅማሉ። በጉራጌ ቤት የመስቀል ሥጋ የባል ነው፣ ቅቤው የሚስት ነው፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ አይጠይቅም፣ አይሸፍንምም። ባል ሥጋውን ተሸክሞ ይገባል፣ ሚስት ቅቤዋን አንጥራ ትጠብቀዋለች። ሥጋ ሳይዝ የገባ ባል እስካሁን አልተሰማም፤ ኖሮም ከሆነ ወሬውን ለመንገር አልተረፈም።

የቅርጫው ሰብሳቢ አዳነ የዘንድሮውን የበሬ ዋጋ ሲናገር ሰዉ ጣቱን እያጠፈ ማስላት ጀመረ። ያዋጣነው ስለማይበቃ ሁላችሁም ጨምሩ አለ።

«በሬው ዲግሪ አለው?» አለ ሸዋንግዛው።

ሰዉ ሳቀ።

«አይ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን አስተምሬ የማገኘው ጡረታ የዚህን በሬ ጭራ አይገዛም። እኛ ልንበላው ነው ወይስ እሱ ሊበላን?»

ሰዉ አሁንም ሳቀ። ሰው ሲስቅለት ደግሞ ሸዋንግዛው ማቆም አይችልም፤ ከማስተማር የተረፈው በሽታ ነው። እየቆመ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ በመጨረሻ «እኔ ዘንድሮ መስቀልን የማከብረው በዓሣ ነው፤ ያዋጣሁትን መልሱልኝ» አለ። አዳነ ቀልድ መስሎት ጠበቀ። ሸዋንግዛው ራሱም ቀልድ መስሎት ነበር፤ ግን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረውን መዋጥ ደግሞ አይሆንለትም። ገንዘቡን ተቀብሎ ወጣ።

በማግስቱ አዲስ አበባ መርካቶ ሄደና ዘንግ ገዛበት። እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ክሩን በማሽን የሚጠቀልል የቻይና ዘንግ ነው። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ በሬ አንዴ ተበልቶ ያልቃል፣ ዘንግ ግን ዕድሜ ልክ ዓሣ ያወጣል። በስሌቱ ላይ ስህተት አልነበረም። ዓሦቹ ግን የእሱ ተማሪዎች አልነበሩም።

መስከረም ለዋቤ ክፉ ወር ነው። ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ወንዝ ገና አልሰከነም፤ ማኪያቶ መስሎ ይወርዳል። ሸዋንግዛው በየማለዳው በባጃጅ ወርዶ ዳር ላይ ተቀመጠ፣ ዘንጉን ዘረጋ፣ ማሽኑን አሽከረከረ። አንድ ጊዜ የጠፋ ነጠላ ጫማ አወጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መንጠቆው ድንጋይ ሥር ተወትፎ ቀረ፤ ያኔ የዋጋው ነገር ትዝ ብሎት ሱሪውን አውልቆ ሊገባ ሲል የሚሻገሩ ሴቶች አይተውት ተመለሰና ሌላ መንጠቆ ገዛ።

ቤት ሲገባ አሰገደች ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ አስለስልሳ፣ ቆጮዋን አዘጋጅታ፣ ቅቤዋን እያነጠረች ነው። በክትፎዋ የታወቀች ሴት ናት። ወንድሟ ፈቃደ አዲስ አበባ ውስጥ በየክትፎ ቤቱ እየዞረ «ይኼ የእህቴን አያክልም» እያለ ባለቤቶቹን የሚያስቀይም ሰው ነው፤ ለመስቀል ከነቤተሰቡ የሚመጣውም ለክትፎዋ ሲል ነው።

«የአዳነ በሬ ሻኛው እንዲህ ነው አሉ» አለችው እጇን እስከ ክርኗ እያሳየች። «ሻኛው ለእኛ እንዲወጣ ጸልይ እንጂ።»

«እጸልያለሁ» አለ ሸዋንግዛው። በዚያ ሰሞን የተናገረው ብቸኛው እውነት እሱ ነበር፤ የሚጸልየው ግን ለሌላ ነገር ነው።

ከአጥሩ ወዲያ የሀቢቡ ሚስት ጠይባ ልብስ እያሰጣች ነበር። አሰገደች የቅቤውን ክዳን ከፍታ በአጥሩ ላይ አሻገረችላት።

«ሽታውን ብቻ ውሰጂ፤ ምን ላድርግሽ» አለቻት።

ጠይባ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። «እትዬ አሰገደች፣ ኮረሪማው ከአምናው ይበልጣል።»

ነገሩ ለሁለቱም የቆየ ቁጭት ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን እንደዚሁ። ጎረቤት ከሆኑ ጀምሮ ለመስቀል ጠይባ ቆጮ በአይብ በልታ ትሄዳለች፤ ለአረፋ አሰገደች ሻይ በብስኩት ጠጥታ ትመለሳለች። አሰገደች ክትፎዋን ያልቀመሰ የአዲስ አበባ ሰው የለም እያለች ትኩራራለች፤ በአጥር የምትለያት ጎረቤቷ ግን የምታውቀው ሽታውን ብቻ ነው።

ከእርዱ ቀን በፊት በነበረው ቀን፣ ሸዋንግዛው ተስፋ ቆርጦ ዘንጉን ሊያጥፍ ሲል ክሩ ተወጠረ። ዘንጉ ጎበጠ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ እሱም በተቀመጠበት ተንሸራቶ እግሩ ውሃ ገባ። እየጎተተ፣ እያላላ፣ የማያውቀውን ቅዱስ ሁሉ እየጠራ ታገለ። በመጨረሻ ጭቃው ላይ የወጣው የአንድ ሰው ክንድ የሚያክል፣ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ ባለጢም አምባዛ ነበር።

ሸዋንግዛው ቁጭ አለ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። አሰገደች ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ መጽሐፍ ከልክሏል ብላ እንኳን ልትበላው አጠገቧ እንዲደርስ አትፈቅድም። ሁለቱ፣ አጥማጁና አምባዛው፣ ጢማቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ተያዩ።

በጆንያ ጠቅልሎ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ አምባዛው ጅራቱን አወራጨ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየና «አባባ፣ የሁለት ሰው ነው የሚከፍሉት» አለው። ከፈለ። መቼም ነዳጅም ጨምሯል።

ያ ሐሳብ የመጣለት መንገድ ላይ ነው። ክትፎ ማለት የተከተፈ ነገር ነው። ቆዳው ተገፍፎ ከተከተፈ በኋላ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ከገባበት በኋላ ጢሙን ማን ያየዋል? ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ ቆሮሶ ነው ቢላት በምን ታውቃለች? ሐሳቡ ደስ አላሰኘውም፤ ግን ሥጋ ሳይዝ ከመግባት የተሻለ መሰለው። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሀቢቡ ግቢ ገባ።

ጠይባ ብቻዋን ነበረች። ጆንያውን ሲፈታው ፊቷ በራ፤ እነሱ አምባዛ ይወዳሉ።

«ማሻአላህ፣ ምን የሚያህል ነው! ለእኛ ነው?»

«ለአሰገደች ነው። ቢላዋሽንና መክተፊያሽን ብታውሺኝ እዚሁ ገፍፌ፣ ከትፌ…»

ጠይባ ቢላዋውን ብታነሳም አልሰጠችውም። «እትዬ አሰገደች አምባዛ አትበላም።»

«አታየውም እኮ።»

ጠይባ ቢላዋውን ወደ ኋላዋ አደረገችው። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ሳሌሃን ስወልድ ታምሜ አታት ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ያስታውሳሉ? ልጆቼን የያዘችልኝ እሷ ናት። ከእናንተ ቤት ሥጋ ሲሠራ ልጆቼ ስጪን እያሉ ያለቅሱባት ነበር፤ እሷ ግን ሽሮ ሠርታ አባብላ ታበላቸዋለች። ልጅ ምን ያውቃል? ብትሰጣቸው ማንም አያይም ነበር። አልሰጠቻቸውም። እኔም ተመልሼ ምን በሉ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷ ጋ ናቸው፣ አለቀ። እርስዎ አሁን እሷን በእኔ መክተፊያ ላይ ሊያታልሉ ነው?»

ሸዋንግዛው አፈረ። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ተሳስቶ በተማሪ ታርሞ ያውቃል፣ ያኔ እንኳ እንዲህ አላፈረም። ጆንያውን ከነአምባዛው ወደ እሷ ገፋ።

«ውሰጂው። ለእናንተ ይሁን» አለና ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሄደ።

አሰገደች ሚጥሚጣዋን እየነፋች ነበር። በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ስብሰባውን፣ ቀልዱን፣ መርካቶን፣ ዘንጉን፣ አምባዛውን፣ ሊያደርግ የነበረውንም ጭምር። ወንፊቱ እጇ ላይ ቆመ።

«ሻኛውስ?» አለች።

«ሻኛውም የለም።»

«ከቅርጫው ወጥተህ ነበር? እኔ ለሰው ሁሉ ስለ ሻኛ ሳወራ? ለአዳነ ሚስት እንኳ አውርቻለሁ። ምን ብላ ስቃብኝ ይሆን!» ወንፊቱን አስቀመጠች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ዘንዶውን አግብቼው ኖሯል።»

ሸዋንግዛው ጭቃ የያዘ ጫማውን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባ።

«ነገ ፈቃደ ሲመጣ ምን አቀርብለታለሁ? ቅቤ ይጠጣ?» አለችና አለቀሰች። በሚጥሚጣው ይሁን በእሱ መለየት ባይቻልም ሸዋንግዛው ግን አውቆታል፤ በእሱ ነው። ልጆቻቸውን ስትድር ያላለቀሰች ሴት ናት። ሄዶ ትከሻዋን ሊይዝ ሲል «በሚጥሚጣ እጄ ዓይንህን እንዳላጠፋልህ» አለችው። ቆመ።

በዚህ መሃል ከአጥሩ በላይ የጠይባ ራስ ብቅ አለ። ቆርቆሮ ድምፅ አይከለክልም።

«እትዬ አሰገደች፣ ይቅርታ፤ ሳልፈልግ ሰማሁ። ወንድሜ ናጃህ ባቱ ካለው ሐይቅ ቡታጅራ ዓሣ እያመጣ አይደለም የሚሸጠው? ቆሮሶ አለው፣ በበረዶ። በጠዋቱ ሚኒባስ ይጭንልናል።»

አሰገደች ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ቆሮሶ ቅርፊት አለው?»

«እንደ ዓሣ ነዋ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ።»

«በምን ሊገዛው ነው? ያለው ገንዘብ ሁሉ ዘንግ ሆኗል።»

ጠይባ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሸዋንግዛው ከአጥሩ ሥር ቆሞ የዘንጉን ዕጣ ሲወስኑለት ሰማ። ናጃህ በሌላኛው ጫፍ ጥያቄ ያበዛል። ይዘረጋል? ስንት ሜትር? ዝናብ ይችላል? እሱ የሚያጠምደው በመረብ ያጠመዱትን በመግዛት ስለሆነ ለማጥመድ አይደለም የፈለገው፤ የመሸጫው የጥላ ሸራ መደገፊያ ተሰብሮበት ኖሯል።

«ማሽኑስ? ማሽኑን ምን ያደርገዋል?» አለ ሸዋንግዛው ሳይወድ።

«ገመድ ያስርበታል» አለች ጠይባ ስልኩን በእጇ ሸፍና። «አንድ ሳጥን ሙሉ ይልካል፤ ይስማማሉ?»

ተስማማ። ምን ምርጫ አለው? አሰገደች ግን የሰማችው አልመሰለችም፤ አንድ ነገር ስታስብ ቆይታ ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«ጠይባ፣ ዓሣን ማን ያርደዋል?»

«ማንም። ከውሃ ሲወጣ ይሞታል።»

«በስመ አብም፣ ቢስሚላህም አይባልበትም?»

«አይታረድማ።»

ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ላይ ተያዩ። ሃያ ዓመት አብረው ኖረው ይህንን አለማሰባቸው ለሸዋንግዛውም ገረመው፤ ግን ጉራጌ አገር ለመስቀል ዓሣ ማን አስቦ ያውቃል። አሰገደች ድንገት እንደ ልጅ ቸኮለች።

«የእኔን መክተፊያ የእኛ ሥጋ ነክቶታል፣ ጣባዎቼንም ነክቷቸዋል። ነገ መክተፊያሽን፣ ቢላዋሽን፣ ትሪሽን ይዘሽ ነይ። ሀቢቡንም አምጪው። ሱቁን ይዝጋ በይው» አለቻት።

በማለዳው ሸዋንግዛው ዘንጉን አጥፎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለሚኒባሱ ረዳት አስረከበ። ረፋድ ላይ ሳጥኑ መጣ። ሲከፈት በበረዶው መሃል ቆሮሶዎቹ ተደርድረው አፍጠውበታል። ከገዛው ጀምሮ ነጠላ ጫማና አምባዛ ብቻ ሲያወጣ የከረመው ዘንግ በመጨረሻ ዓሣ አወጣ።

አሰገደችና ጠይባ እሾሁን እየለቀሙ፣ ሥጋውን እየከተፉ ጓዳ ገቡ፤ እሱን ከበሩ እንዳያልፍ ከለከሉት። ከየግቢው የእርድ ጫጫታ ሲሰማ ፈቃደ ከነቤተሰቡ ደረሰ። ከመግቢያው ላይ አዳነ አግኝቶት ነበርና ሁሉን አውቋል።

«የእህቴ ባል፣ በሬ አጠመድክ አሉ» አለው እያቀፈው።

ትሪው ሲቀርብ ፈቃደ በእጁ ጉንጩን ይዞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ቅቤው ያብረቀርቃል፣ ለብለብ ያለው ሥጋ ነጣ ብሎ ከኮረሪማው ጋር ተዋህዷል። ቆጮ ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ጎረሰ፣ አኘከ። ሁሉም አፉን ያያል።

«አዲስ አበባ ስመለስ በሬ ነው የምለው» አለና ሁለተኛውን ጠቀለለ። «አዋርደሽኛል እህቴ፤ ይጣፍጣል።»

አሰገደች ግን እሱን አልሰማችውም። የምታየው ጠይባን ነው። ጠይባ ከቆጮው ትንሽ ቆርሳ፣ ከትሪው ጫፍ አንስታ፣ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ቶሎ አልዋጠችውም።

«ሚጥሚጣው በዛ?» አለች አሰገደች። ፈቃደን እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ጠይባ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አዝሏል። «አይ። ሽታው እንደሚለው ነው» አለች።

አሰገደች ሌላ ቆጮ ቆረሰች፣ ሞልታ ጠቀለለች፣ በገዛ እጇ አጎረሰቻት። ከዚያም ሁለተኛ፣ ምክንያቱም አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሸዋንግዛው ይህ ሁሉ በእርሱ ብልሃት መሆኑን ለሰዉ ማስረዳት አማረውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እኮ በስብሰባው ላይ…»

«አንተ ዝም በል» አለች አሰገደች ወደ እሱ ሳትዞር። «ለከርሞ ቅርጫ ትገባለህ። ሻኛዬን አልረሳሁም።»

«እሺ።»

«ለአረፋ ደግሞ በዚያ በአሮጌው ሸምበቆህ ዓሣ ታመጣለህ። ጠይባ ቤት ነው የምንበላው። ቅርፊት ያለው።»

«እሺ» አለ ሸዋንግዛው፤ ከዚያ የመንጠቆው ነገር ትዝ አለውና ወደ ሀቢቡ ዞረ። ሀቢቡ ሱቁን ዘግቶ፣ ከትሪው ፊት ለፊት ተደላድሎ፣ ከመጣ ጀምሮ መጉረሱን አላቆመም።

«ሀቢቡ፣ ያ መንጠቆ ስንት ነው ያልከኝ?»

ሀቢቡ አፉ ሙሉ ነበር። በእጁ ጠብቁኝ ብሎ፣ አኝኮ፣ ውጦ፣ ከንፈሩ ላይ የቀረውን ቅቤ በምላሱ ሰበሰበ።

«ቲቸር» አለ፣ «ዶላር ዛሬ ቀንሷል።» ከዚያም እጁን እንደገና ወደ ትሪው ሰደደ።